የመሪ መንቀጥቀጥ፦ ባለንብረቶች ወደ ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ከሚንቀሳቀሱት አውቶሞቢሎች መካከል በርካታዎቹ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ናቸው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለን ተሽከርካሪ በአግባቡ ጠብቆ መገልገል ለብዙ ቤተሰብ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ላይ በተደጋጋሚ ከሚታዩ ችግሮች አንዱ የመሪ መንቀጥቀጥ ነው። ችግሩ አንዳንድ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ሥራ የሚወገድ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ግን ለሕይወት አስጊ የሆነ ብልሽት ምልክት ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችለው ዋነኛ መረጃ መንቀጥቀጡ የሚከሰትበት ጊዜና ሁኔታ ነው።

መንቀጥቀጡ ከምን ይመነጫል?

መሪ በራሱ አይንቀጠቀጥም፤ በተያያዙት ዘንጎች አማካይነት ከፊት ጎማዎች የሚመጣውን እንቅስቃሴ ለእጅ ያስተላልፋል እንጂ። የጎማው ክብደት በዙሪያው እኩል ካልተከፋፈለ፣ ከባዱ ጎን በእያንዳንዱ ዙር ጎማውን ወደ ውጭ ይስበዋል። ይህ ኃይል በፍጥነቱ ልክ ብቻ አያድግም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

ለአብነት ያህል በ14 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ የ30 ግራም አለመመጣጠን ቢኖር፣ መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጎማው በእያንዳንዱ ሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ 30 ግራሙም ከ4 ኪሎ ግራም ተኩል በላይ ክብደት ጋር የሚስተካከል ኃይል ይፈጥራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ግን ይኸው ኃይል ወደ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይወርዳል። በከተማ ውስጥ ምንም ምልክት ያልነበረው መኪና በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሲወጣ በድንገት መንቀጥቀጥ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድሞ ሊመዘገቡ የሚገባቸው ነጥቦች

ባለንብረቱ ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት የሚከተሉትን አስተውሎ በጽሑፍ ቢይዝ ለመካኒኩም ለራሱም ይጠቅማል።

1. መንቀጥቀጡ በየትኛው ፍጥነት ይጀምራል? ፍጥነት ሲጨምር ይብሳል ወይስ ይጠፋል?
2. ሁልጊዜ አለ ወይስ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ይታያል?
3. የሚሰማው በመሪው ላይ ነው ወይስ በመቀመጫውና በወለሉ? በመሪው ላይ የሚሰማው በአብዛኛው ከፊት ጎማዎች፣ በመቀመጫው የሚሰማው ደግሞ ከኋላ ጎማዎች ይመጣል።
4. ከመጀመሩ በፊት ምን ተፈጽሞ ነበር? ጎማ ተቀይሯል? መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነበር? ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር?

እንደየሁኔታው መንስኤውን መለየት

ሀ. በሰዓት ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ሲከሰት፦ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የጎማ ባላንስ ነው። በቸርኬው ጠርዝ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ ክብደቶች ሊወድቁ ይችላሉ። በክረምት ወራት በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል የደረቀ ጭቃም ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላል። ስለዚህ ማናቸውንም ክፍል ከመቀየር በፊት ቸርኬውን ከውስጥም ከውጭም በሚገባ ማጠብ ተገቢ ነው።

ለ. ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ ሲከሰት፦ መሪው በሰዓት ከ20 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ባላንስ ብቻውን መልስ አይሆንም። ይህ በአብዛኛው የቸርኬ መጣመምን ወይም የጎማ መበላሸትን ያመለክታል። በጎማው ውስጥ ያለው የሽቦ ድርብርብ ሲላቀቅ በጎማው ፊት ወይም ጎን ላይ እብጠት ይታያል። እንዲህ ያለ ጎማ ሳይታሰብ ሊፈነዳ ስለሚችል በስኮርታ መተካት አለበት። በአንጻሩ መኪናው ለሳምንታት ቆሞ ከነበረ ጎማው መሬት በነካበት በኩል ለጊዜው ጠፍጠፍ ይላል፤ ይህ ጎማው በጉዞ ሲሞቅ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይስተካከላል።

ሐ. ፍሬን ሲያዝ ብቻ ሲከሰት፦ መንስኤው በአብዛኛው የፊት ፍሬን ዲስክ ነው። የዲስኩ ውፍረት በዙሪያው እኩል ካልሆነ፣ ልዩነቱ በዓይን የማይታይ ቢሆን እንኳ፣ የፍሬን ሸራው በእያንዳንዱ ዙር ስለሚገፋ መሪውም የፍሬን ፔዳሉም ይንቀጠቀጣሉ። ዲስክን ለዚህ ከሚያጋልጡ ምክንያቶች አንዱ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው። እንደ አባይ በረሃ ባሉ ረጅም ቁልቁለቶች ላይ ያለማቋረጥ ፍሬን ይዞ መውረድ ዲስኩን ይጎዳል፤ የፍሬኑንም ኃይል ያዳክማል። በከባድ ማርሽ መውረድ ሁለቱንም ይከላከላል። ሌላው ምክንያት የጎማ ዳዶዎችን እኩል ባልሆነ ኃይል ማጥበቅ ነው። ዲስክን በቶርኖ ማስተካከል የሚቻለው ውፍረቱ አምራቹ ከወሰነው ዝቅተኛ ልክ በታች እስካልወረደ ድረስ ብቻ ነው።

መ. ጉድጓድ ወይም ጉብታ ከተነካ በኋላ ሲከሰት፦ መሪው ከጉብታ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ወዲያና ወዲህ የሚላወስ ከሆነ፣ የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያዎች፣ በጋራዦች አጠራር ቴስቲና የሚባሉት፣ ተበልተው ሊሆን ይችላል። በሳስፔንሽን ላይ የሚገኙ የመገጣጠሚያ ላስቲኮች መድረቅና የሾክ አብዞርበር መድከምም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ።

ሠ. ነዳጅ ሲረገጥ ወይም መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ሲከሰት፦ ነዳጅ ሲረገጥ ብሶ ነዳጅ ሲለቀቅ የሚቀንስ መንቀጥቀጥ ከካምቢዮ ወደ ጎማ ኃይል ከሚያስተላልፉት ዘንጎች ጋር ይያያዛል። መኪናው ቆሞ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ጎማና ፍሬን ተጠያቂ አይደሉም፤ የሞተር መያዣ ላስቲኮችና ካንዴላዎች መታየት አለባቸው።

ረ. ከመንቀጥቀጡ ጋር ሁምታ ሲሰማ፦ ፍጥነት ሲጨምር የሚጎላ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ ደግሞ የሚለወጥ ድምፅ የጎማ ኩሽኔታ መበላት ምልክት ነው።

ባላንስና አላይመንት አንድ አይደሉም

በአገልግሎት ተጠቃሚዎች ዘንድ በስፋት የሚታየው መደናገር ይህ ነው። ባላንስ የጎማውን ክብደት በዙሪያው ያመጣጥናል፤ ጉድለቱም በመንቀጥቀጥ ይገለጣል። አላይመንት ጎማዎቹ የሚያዩትን አቅጣጫ ያስተካክላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው መኪናው ወደ አንድ ጎን በመሳቡና ጎማው በአንድ በኩል ብቻ በመበላቱ ነው። አላይመንት ማሠራት ብቻውን መንቀጥቀጥን አያስወግድም። የተበላ ቴስቲና ሳይቀየር የሚሠራ አላይመንትም የሚጸና ውጤት የለውም።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ፦ የፍተሻ ቅደም ተከተል

በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ የሚንቀጠቀጥ አሮጌ ኮሮላ ያለው አንድ ባለንብረት ይታሰብ። ምልክቱን ሳይገልጽ «መሪው ይንቀጠቀጣል» ብቻ ቢል፣ በቅድሚያ ቴስቲና፣ ቀጥሎም ሾክ አብዞርበር ሊቀየርለት ይችላል። ከዚህ ሁሉ ወጪ በኋላ ችግሩ በቸርኬ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ሆኖ ቢገኝ፣ ገንዘቡ ያለ ጥቅም ወጥቷል ማለት ነው። ይህን ለማስቀረት የሚከተለውን ቅደም ተከተል መጠበቅ ይመከራል።

1. ቸርኬዎችን ማጠብ፤ የጎማ ዳዶዎችን መጥበቅ ማረጋገጥ። ዳዶዎች የሚጠብቁት በዙሪያ ተራ በተራ ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቁ ነው። ጎማ ከተቀየረ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

2. የጎማውን ነፋስ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ መለካትና የጎማውን አካል መመልከት። በጎማው ጥርሶች መካከል ያሉት ጉብታዎች ከፍታ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አብቅቷል። በጎኑ ላይ የሚገኙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ጊዜ ይናገራሉ፦ 2319 ማለት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም በዕድሜ ብዛት ሊደርቅና ሊሰነጠቅ ይችላል።

3. ጎሚስታ ዘንድ አራቱንም ጎማ ባላንስ ማስደረግ። ቸርኬው በማሽኑ ላይ ሲዞር የሚወዛወዝ መሆን አለመሆኑን በዓይን መመልከት ይቻላል።

4. መንቀጥቀጡ ካልተወገደ የፊቱን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዛወር። ይህ የሚሠራው አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት መጠን ሲኖራቸው ነው። መንቀጥቀጡ ከመሪ ወደ መቀመጫ ከተዛወረ ችግሩ ከጎማው ወይም ከቸርኬው ነው፤ በመሪው ላይ ከቀረ ግን የፊት አካል ክፍሎች መፈተሽ አለባቸው።

5. የፊት አካል ፍተሻ። ይህ በባለሙያ ቢከናወን ይመረጣል። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ የኋላ ጎማዎች በታኮ ተይዘው፣ የፊት ጎማ በክሪክ ይነሣና በጠንካራ መደገፊያ ይደገፋል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው፣ ከግራና ከቀኝ ተይዞ የሚላወስ ከሆነ ቴስቲናው ይጠረጠራል።

ጉዞን ማቋረጥ የሚገባው መቼ ነው?

ቀደም ሲል ያልነበረ ብርቱ መንቀጥቀጥ በጉዞ ላይ በድንገት ከጀመረ አሽከርካሪው መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፍጥነቱን በዝግታ ቀንሶ፣ ከመንገዱ ወጥቶ መቆም አለበት። የላሉ ዳዶዎች፣ ያበጠ ጎማ፣ ከፍተኛ ላወሳ ያለው መሪ ወይም ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚሰማ ድምፅ ካለ ጉዞውን መቀጠል አይገባም። ቴስቲና ፈጽሞ ከተላቀቀ ጎማው ለመሪው መታዘዙን ያቆማል፤ በዚያን ጊዜ የአሽከርካሪው ችሎታ አደጋውን ሊያስቀር አይችልም።

ዓመታዊ ምርመራና የባለንብረቱ ኃላፊነት

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። ይሁንና ምርመራው የሚካሄደው ተሽከርካሪው ቆሞ ወይም በዝግታ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ የሚታይ መንቀጥቀጥ ሳይስተዋል ሊያልፍ ይችላል። ምርመራውም የሚያሳየው ተሽከርካሪው በዚያን ዕለት የነበረበትን ሁኔታ ነው። ስለሆነም የዓመቱ ቦሎ መለጠፉ በመካከል ለሚፈጠር ብልሽት ዋስትና አይሆንም፤ መንቀጥቀጥ የተሰማው ባለንብረትም የሚቀጥለውን ምርመራ መጠበቅ የለበትም።

ባለንብረቶች ለምርመራ ሲቀርቡም ሆነ ወደ ጋራዥ ሲሄዱ ያስተዋሉትን ምልክት በዝርዝር እንዲያስረዱ፣ የተቀየረውን አሮጌ ክፍል እንዲመለከቱ፣ የተሠራበትንም ቀንና የኪሎ ሜትር ንባብ በማስታወሻ እንዲይዙ ይመከራል። «ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በመሪው ላይ፣ ፍሬን ሳይያዝ» የሚል አንድ መስመር ማስታወሻ ላልተገባ ወጪ ከመዳረግ ያድናል፤ አደጋ ሊያስከትል የሚችለውንም ብልሽት በጊዜው ለማወቅ ያስችላል።