ዲስኩ አልታይ ስላለ ብቻ አዲስ አትግዙ

ዊንዶውስ ለመጫን ስትሞክሩ ወይም ጥገና ቤት ስታስጭኑ «ምንም ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ላፕቶፑ እስከ ትናንት ድረስ ደህና ሲሠራ ከነበረ ዲስኩ ድንገት የሞተ ላይሆን ይችላል። ችግሩ የተሰካው ፍላሽ ውስጥ የአንድ ድራይቨር አለመኖር ሊሆን ይችላል። ይህን ባለማወቅ ጤነኛ ዲስክ ይቀየራል፤ ፎቶውም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የሱቅ ሒሳቡም አብሮ ይሄዳል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮምፒውተር ከፍላሽ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነሳው ዊንዶውስ ፒኢ የሚባል፣ ለመጫንና ለጥገና የተዘጋጀ ትንሽ ዊንዶውስ ነው። እሱም ቡት ዊም በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል፤ ባለሙያዎች ቡት ኢሜጅ የሚሉት ይህንኑ ነው። ይህ ትንሽ ዊንዶውስ ዲስኩንና ኔትወርኩን ለማግኘት የራሱ ድራይቨር ያስፈልገዋል። ላፕቶፑ ላይ ቀድሞ የተጫነው ዊንዶውስ ድራይቨሩ ቢኖረውም ለእሱ አይጠቅመውም። የማያውቀው ዕቃ ከገጠመው ዕቃው እንደሌለ ይቆጥረዋል።

ይህ በጣም የሚታየው አዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ነው። ኢንቴል በ2020 ካወጣቸው የ11ኛ ትውልድ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ጀምሮ ቪኤምዲ የሚባል የዲስክ መቆጣጠሪያ አለ። ቪኤምዲ ሲበራ ኤስኤስዲው ከጀርባው ስለሚሆን፣ የተለመደው የዊንዶውስ ድራይቨር አያገኘውም። የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር ያስፈልጋል፤ በብዙዎቹ የመጫኛ ፍላሾች ውስጥ ደግሞ ይህ ድራይቨር የለም።

ታዲያ ዲስኩ ነው ወይስ ድራይቨሩ? በደቂቃዎች መለየት ይቻላል።

👉 ባዮስ ውስጥ ግቡና የዲስኮችን ዝርዝር እዩ። ዲስኩ እዚያ በስሙና በመጠኑ እየታየ መጫኛው ላይ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ያዘነብላል። ባዮስም ካላየው ግን አገጣጠሙን ወይም ዲስኩን ራሱን አስፈትሹ።

👉 መጫኛው ላይ እያላችሁ ሺፍትና ኤፍ10 አንድ ላይ ስትጫኑ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። «ዲስክፓርት»፣ ቀጥሎ «ሊስት ዲስክ» ብላችሁ ጻፉ። የተሰካው ፍላሽ ብቻ ከወጣ ትንሹ ዊንዶውስ የላፕቶፑን ዲስክ አላየውም ማለት ነው።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። «የሚዲያ ድራይቨር ጎድሏል» የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ ከዲስኩ ጋር አይገናኝም። ፍላሹ ሲዘጋጅ ፋይሉ ተበላሽቶ ከሆነ፣ ወይም የተሰካበትን የዩኤስቢ ቀዳዳ መጫኛው ካላወቀው ይመጣል። መጀመሪያ ቀዳዳ ቀይሩ፤ ካልሆነ ፍላሹን እንደገና አዘጋጁ።

መፍትሔው ምንድን ነው?

አንደኛ፦ ድራይቨሩን በፍላሽ ማቅረብ። በሌላ ኮምፒውተር የላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ገብታችሁ ሞዴሉን በመፈለግ የስቶሬጅ ድራይቨሩን አውርዱ። ከማይታወቁ የድራይቨር ማከፋፈያ ገጾች አታውርዱ፤ ቫይረስ አብሮ ሊገባ ይችላል። የወረደው የሚጫን ፕሮግራም ከሆነ እንዳለ አይሠራም፤ መጫኛው የሚፈልገው መጨረሻው «አይኤንኤፍ» የሆነ ፋይል ያለበትን ፎልደር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፈታችሁ ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ከዚያ መጫኛው ላይ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭናችሁ ፎልደሩን አሳዩት። ትክክለኛው ከሆነ ዲስኩ ወዲያው ብቅ ይላል።

ሁለተኛ፦ ቪኤምዲን ከባዮስ ማጥፋት። ቀላል ነው፤ ግን ተጠንቀቁ። ዲስኩ ላይ የምትፈልጉት ዊንዶውስ ወይም ፋይል ካለ ይህን አትንኩ። ነባሩ ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ አልነሳ ሊል ይችላል። ቢትሎከር የበራበት ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉ አይከፈትም። ይህ መንገድ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ለሚጭን ሰው ነው።

ሦስተኛው ለጥገና ቤቶችና ለመሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያዎች ነው፦ ድራይቨሩን ቡት ኢሜጁ ውስጥ አንዴ ጨምሮ መገላገል። ዲስም በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ቡት ዊም ይከፈታል፣ ድራይቨሩ ይጨመራል፣ ለውጡ ተቀምጦ ይዘጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከማይክሮሶፍት በሚመጣው ቡት ዊም ውስጥ ሁለት ኢሜጆች አሉ፤ መጫኛው የሚነሳው ከሁለተኛው ነው። አንደኛው ላይ ብቻ ጨምሮ «አድርጌዋለሁ፣ አልሠራም» የሚል ብዙ ነው። ድራይቨሩን ኢንስቶል ዊም ውስጥም መጨመር ይመከራል፤ ተጭኖ የሚቀረው ዊንዶውስ ያለው እዚያ ነውና።

የሳውንድና የግራፊክስ ድራይቨር ግን አታጭቁበት። ቡት ኢሜጅ በራም ላይ የሚሠራ ነው፤ የሚያስፈልገው የዲስክና የኔትወርክ ድራይቨር ብቻ ነው። ድራይቨሩ መመሳሰል ያለበትም ከቡት ኢሜጁ ጋር ነው። ኢሜጁ ባለ 64 ቢት ከሆነ ድራይቨሩም ባለ 64 ቢት ይሁን።

ኔትወርክ ላይም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ብዙ ኮምፒውተር ከሰርቨር በኬብል የሚጭኑ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ማሽኑ ቡት ኢሜጁን በኔትወርክ አውርዶ ይነሳል፤ ከዚያ «ሰርቨሩን አላገኘሁም» ብሎ ይቆማል። «አሁን በኔትወርክ ተነስቶ የለም እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። እስከዚያ ድረስ ሥራውን የሠራው የማሽኑ ባዮስ ነበር። ትንሹ ዊንዶውስ ሥራውን ሲረከብ ግን የራሱን የኔትወርክ ድራይቨር ይፈልጋል።

መለያው «አይፒኮንፊግ» ነው። ምንም የኔትወርክ ካርድ ካላሳየ ድራይቨሩ የለም። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካሳየ ድራይቨሩ ሠርቷል፤ ኬብሉን፣ ስዊቹን ወይም አድራሻ አዳዩን ሰርቨር ተመልከቱ። የኬብል ቀዳዳ በሌላቸው ስስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ድራይቨሩ የሚፈለገው ለዩኤስቢ አዳፕተሩ ነው።

የትኛው ድራይቨር እንደሆነ ካልታወቀስ? ዕቃው የመታወቂያ ቁጥር አለው። ነባሩ ዊንዶውስ የሚነሳ ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የዕቃውን ዝርዝር ከፍታችሁ ሃርድዌር አይዲውን እዩ። የአምራቹ ቁጥር 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ተከትሎት የሚመጣው የዕቃው መለያ ድራይቨሩ «አይኤንኤፍ» ፋይል ውስጥ ተጽፎ ከተገኘ ትክክለኛውን ይዛችኋል።

ባለሙያ ላልሆናችሁ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። «ባዮስ ላይ ይታያል ወይ? የስቶሬጅ ድራይቨር ሰጥተህ ሞክረሃል ወይ?» የሁለቱን መልስ ሳትሰሙ ዲስክ አታስቀይሩ፣ ፋይላችሁንም አታስጠፉ። ላፕቶፕ ለማሠራት ያሰበ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።