ስማርት ሰዓት ሲያቃጥል ማን ይጠየቃል?

ከሶዶ ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ አረካን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር ባሉት ሞባይል ቤቶች መስታወት ውስጥ፣ ከስልክ ሽፋንና ከቻርጀር ጎን፣ ስማርት ሰዓት፣ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫና ፓወር ባንክ ተደርድሮ ይታያል። አንዳንዱ ኦርጅናል ነው፣ ብዙው «ኮፒ» ነው፤ ሻጩም ቢጠየቅ አይደብቅም። ገዥው ዋጋውን ይከራከራል፣ ቀለም ያማርጣል፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይጠይቃል። ውስጡ ስላለው ባትሪ ደህንነት የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው።

ባትሪው ሊቲየም አዮን ይባላል። ሁለት ስስ ንጣፎች አሉት፦ አንዱ ግራፋይት የተቀባ መዳብ፣ ሌላው የሊቲየም ውህድ የተቀባ አሉሚኒየም። ሁለቱን የሚለያያቸው ውፍረቱ ወደ አንድ ሃምሳኛ ሚሊሜትር የሚጠጋ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ሁሉም በቀላሉ በሚቀጣጠል ፈሳሽ ርሰው ተጠቅልለዋል። ያ ስስ ሽፋን ከተቀደደ ሁለቱ ንጣፎች ይነካካሉ፤ ሾርት ይፈጠራል። ሾርቱ ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀቱ ኬሚካሎቹን ያነሳሳል፣ እነሱም ሌላ ሙቀት ይጨምራሉ። ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ በኋላ ከሶኬት መንቀልም አያቆመውም።

ሽፋኑን የሚቀድደው ነገር ብዙ ነው። ሰዓቱ ወድቆ ባትሪው ሊጣመም፣ ላብና ውሃ ሊገባበት ወይም ገና በፋብሪካ ሳለ የብረት ብናኝ ሊቀርበት ይችላል። ከልክ ያለፈ ቻርጅም አለ። አንድ የዚህ ዓይነት ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ላይ መቆም አለበት፤ የሚያስቆመው ደግሞ አብሮት ያለ ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ነው። ርካሽ ኮፒ የሚረክሰው አንዱ በዚህ በኩል ይመስለኛል፤ ገዥ የማያየውን ነገር መቀነስ ቀላል ነውና።

ለመቃጠል ግን እሳት የግድ አያስፈልግም። ሞሪትዝና ሄንሪከስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ባሳተሙት ጥናት፣ 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ነገር ለስድስት ሰዓት ያህል ቆዳ ላይ ቢቆይ እንደሚያቃጥል አሳይተዋል። በ60 ዲግሪ ደግሞ አምስት ሰከንድ ገደማ ይበቃል። 44 ዲግሪ ሲነኩት ሞቅ ያለ እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሰዓት ግን ሌሊቱን ሙሉ እጅ ላይ ታስሮ የሚያድር ዕቃ ነው። የተኛ ሰው አያወልቀውም፤ በስኳር በሽታ ምክንያት ስሜቱ የደከመበት ሰው ደግሞ ነቅቶም ላያውቀው ይችላል።

ይህ ነገር የኮፒ ዕቃ ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን። ፊትቢት የተባለው ታዋቂ ድርጅት አዮኒክ የሚለውን ሰዓቱን በየካቲት 2014 ዓ.ም. ከገበያ ሰበሰበ፤ በአሜሪካ 1 ሚሊዮን ያህል፣ በሌሎች አገሮች 693,000 ተሽጦ ነበር። በአሜሪካ 78፣ ከዚያ ውጭ 40 የመቃጠል ጉዳቶች ተመዝግበዋል። ለገዥዎች 299 ዶላር ተመለሰላቸው። ድርጅቱም አደጋውን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወዲያው ባለማሳወቁ በጥር 2017 ዓ.ም. 12.25 ሚሊዮን ዶላር ሊቀጣ ተስማማ።

የእኛም አገር ስም በባትሪ ታሪክ ውስጥ አለ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረው «ንግሥት ሳባ» የተሰኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ከጅራቱ አካባቢ ተቃጠለ። ሰው አልነበረበትም። የእንግሊዝ መርማሪዎች ምክንያቱን ያገኙት የአደጋ ጊዜ ምልክት ማሰራጫው ውስጥ ካለች ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ዘንድ ነው፤ ክዳኑ ሲገጠም ሽቦዎቿ ተጨፍልቀው ሾርት ፈጥረዋል። ዓይነቷ ቻርጅ ከማይደረጉት ነው እንጂ የጥፋቱ አካሄድ ያው ነው። አውሮፕላንን ያህል ነገር የሠራ ፋብሪካ ካመለጠው፣ የሰዓት ፋብሪካም ያመልጠዋል።

አረካ ላይ አንድ ሰው እጁን ቢቃጠል ታዲያ ምን ያድርግ? መጀመሪያ ሰዓቱን ያውልቅ፤ ቀለበትም ካለ እጁ ከማበጡ በፊት። ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል ይቅሩ። ከዚያ ወደ ሐኪም። ሐኪሙ የሚጽፈው ወረቀት መድኃኒት ማዘዣ ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ነው።

ሕጉ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ለገዥ ያደላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሱቅ ውስጥ የተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ይህን አዋጅ አይሽርም። ጉዳት የደረሰበት ሸማች ደግሞ አምራቹን፣ አስመጪውን፣ አከፋፋዩንና ቸርቻሪውን በአንድነትም ሆነ በተናጠል ካሣ መጠየቅ ይችላል። «እኔ አልሠራሁትም» የሚል ሻጭ በዚህ ብቻ አያመልጥም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አለ። በቁጥር 2085 መሠረት፣ ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ተጎጂው የአምራቹን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጭቅጭቁ የሚነሳው «በተለመደው አኳኋን» ላይ ነው። የሌላ ስልክ ቻርጀር ሰክተህበታል፣ ጠጋኝ ከፍቶታል፣ ውሃ ነክቶታል ይባላል። ሊታወቅ የሚችል ጉድለት ነበረበት ማለትም መከላከያ ነው፦ ጀርባው አብጦ ክዳኑን እየገፋ ያለ ሰዓት ማሰር ክስ ያዳክማል።

የሕክምና ወጪና የቀረ ገቢ በማስረጃ ልክ ይካሣል። ለሕመሙና ለጠባሳው የሚከፈለው የሕሊና ካሣ ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በጃንሆይ ዘመን የተቆረጠ ገንዘብ ነው፤ ሕግ አውጪዎቻችን እስካሁን ዝም ማለታቸው ይገርመኛል። ክሱ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ዋናው እንቅፋት የሕጉ ቃል ሳይሆን ደረሰኝ ነው። ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ገዥው ግን «ያለ ደረሰኝ ይቀነስልህ» ሲባል ደስ ይለዋል። በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ ከሆነ ደግሞ አስመጪው ማን እንደሆነ ቸርቻሪውም አያውቅም፤ ተከሳሽ ሆኖ የሚቀረው የመንደሩ ልጅ ብቻ ነው። የተቃጠለው ዕቃ ራሱ ሌላው ምስክር ነው። ለሻጩ መልሶ መስጠት ወይም መጣል ማስረጃን አሳልፎ መስጠት ነው። ፎቶ አንስቶ፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቆ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ቻርጀሩንም ጭምር።

አቤቱታው ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ የካሣ ክሱ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው ይህንኑ አስረድቶ በድሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። አብዛኛው ሰው ግን ሻጩ ጎረቤቱ ስለሆነ ሽማግሌ ይዞ መሄዱን ይመርጣል፤ እኔም አልነቅፈውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፦ በሕጉ መሠረት የተፈረመ የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ቁስሉ ሳይድን፣ ሐኪሙ ጣቱ እንደልብ ይታጠፍ እንደሆነ ሳይናገር «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው፣ ከሦስት ወር በኋላ ቆዳው ተኮማትሮ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ወጪውን መልሶ ሻጩን መጠየቅ ይከብደዋል።