ሴት በፍርድ ሥራ

በአገራችን ሰው ሲበደል «በሕግ አምላክ!» ይላል። ነገር ግን ሕግ በራሱ እጅና እግር የለውም፤ የሚሠራው በሰው ነው። ከባድ ወንጀል ሲፈጸም ጉዳዩ በአራት እጅ ያልፋል። ፖሊስ አቤቱታውን ይቀበላል፤ ይመረምራል። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን አይቶ ክስ ያቀርባል። ዳኛ ግራ ቀኙን ሰምቶ ይፈርዳል። እስራት የተፈረደበትን ደግሞ ማረሚያ ቤት ይረከበዋል።

እነዚህ ሥራዎች ለረጅም ዘመን የወንድ ብቻ ናቸው ሲባል ኖሯል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረትም ይህንኑ ያጠነክር ነበር። እስቲ ተረቱን በሥራ እንመዝነው።

አንዲት ልጅ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ተደፈረች እንበል። እናቷ ይዛት ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። እዚያ ያለው ወንድ ብቻ ቢሆንስ? ልጅቱ ታፍራለች፤ አፏ ይተሳሰራል። ግማሹን ተናግራ ግማሹን በሆዷ ይዛ ትመለሳለች። ማስረጃው ይጎድላል፤ በዳዩም በነጻ ሊወጣ ይችላል። ሥራዋን የምታውቅ ሴት ፖሊስ ብትኖር ግን ልጅቱ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ለመናገር ይቀላታል። በማረሚያ ቤትም እንዲሁ ነው። ሴት እስረኛን መፈተሽ ያለባት ሴት ናት።

እንግዲህ ሴት በዚህ ሥራ መግባቷ ለራሷ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ለፍርዱም ይጠቅማል። ይህ ሲባል ሴት ዳኛ ለሴት ታደላለች ማለት አይደለም። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የተወለዱት አሶሳ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ። ኋላም ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ ለጠበቃ የሚከፍሉት ለሌላቸው ሴቶች በነጻ የሚቆም ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ገደለችና ተከሰሰች። ማኅበሩ ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. ሕግ፣ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከክስ ያመልጥ ዘንድ በር ይከፍት ነበር። ማኅበሩና ሌሎችም ይህ እንዲለወጥ ተሟገቱ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል። ቢያገባትም ከክስ አያመልጥም።

ወይዘሮ መዓዛ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆነው ተሾሙ። በዚያ ወንበር ሴት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱን መሩ።

ታዲያ አንዲት ሴት ላይ መድረሷ ብቻውን አይበቃም። ከታች ያለችው እንዴት ትውጣ? ሥልጠናው ሩቅ ከተማ ይሆናል፤ እሷ ደግሞ የምታጠባው ልጅ አላት። የወንጀል ምርመራው ለወንዱ ይሰጣል፤ እሷ መዝገብ ትጠብቃለች። የሹመት ቀን ሲመጣ «ልምድ የላትም» ይባላል። ሥራውን ሳይሰጧት ልምዱን ከየት ታምጣው?

መድኃኒቱ አይጠፋም። ከባዱን ሥራ እኩል ማካፈል ነው። እናቶች ሊሄዱበት የሚችሉት ሥልጠና ማዘጋጀት ነው። በሙያው የቆየችው አዲሷን ታስተምር፤ ተገናኝተውም ይመካከሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35፣ ሴቶች ወደ ኋላ የቀሩበትን ለማካካስ ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታትም በ2003 ዓ.ም. ስለ ሴት እስረኞች ባወጣው ደንብ፣ በማረሚያ ቤት የሚሠሩ ሴቶች እስከ ከፍተኛ ኃላፊነት የሚደርሱበት መንገድ እንዲከፈት ይላል።

እኛስ ከመንደራችን ሆነን ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ሴት ልጃችንን ከትምህርት ቤት አናስቀር። ዳኛዋም ፖሊሷም የምትወጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ሚስታችን ወይም እህታችን ለዚህ ሥራ ስትመረጥ የቤቱን ሥራ እንካፈላት። ሦስተኛ፣ ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ «ሴት ፖሊስ ካለች ጥሩልን» ማለት ነውር አይደለም። አራተኛ፣ የሰጠነው ቃል ሲጻፍ አንብበን፣ ወይም አስነብበን፣ ያልነው መሆኑን ካየን በኋላ እንፈርም። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።

ተወያዩበት
1. በአቅራቢያችሁ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ሴት ፖሊስ አለች? ምን ሥራ ትሠራለች?
2. «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በማን ላይ ጉዳት ያደርሳል?