የወር አበባ ሊቆም ሲቃረብ በሴቶች ሰውነት ላይ ስለሚደርሰው ለውጥ
(በሬዲዮ ከተሰጠ የጤና ንግግር)



በግንደወይንም ሆነ በቢቸና፣ በሞጣም ሆነ በሌላው የጎጃም አገር፣ ልጆች ወልዳ ያሳደገችና ቤት ያቀናች፣ ዕድሜዋም ከ40 ዓመት ያለፈ እናት፣ ሌሊት ሰውነቷ በድንገት እንደ እሳት ሲነድ፣ ላብ ሲያጠምቃት፣ እንቅልፍ ሲነሣትና በጥቂቱም ነገር ስትቈጣ ይታያል። አንዳንዱ «ምች ነው» ይላል፤ ሌላው «ብርድ ነው» ይላል፤ ሌላውም ነገሩን የመንፈስ አድርጎ ወደ ዐዋቂ ቤት ይሰዳታል። እርሷ ግን የሚያሳፍር ነገር መስሏት ለባሏም ለልጆቿም ሳትነግር ዝም ትላለች። በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው፣ ይህ ለውጥ በሽታ ሳይሆን የተፈጥሮ ሥርዐት መሆኑን፣ ነገር ግን በዚሁ ጊዜ እውነተኛ በሽታዎች በስውር ሊገቡ ስለሚችሉ ጥንቃቄ የሚያሻው መሆኑን ነው።

የወር አበባ መቋረጥ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። በኦሪት ዘፍጥረት ስለ ሣራ ሲነገር ልማደ አንስት ከእርሷ መቋረጡ ተጽፎአል፤ በአማርኛችንም «አረጠች» የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። ሳይታወቅ የኖረው ምክንያቱና የሚያስከትለው ነገር ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ከሚገኙት ልዩ ልዩ ዕጢዎች እየመነጨ በደም የሚጓዝ፣ ደብዳቤ እንደ ያዘ መልእክተኛ ትእዛዝን ከአንዱ ብልት ወደ ሌላው የሚያደርስ ረቂቅ ነገር አለ። ይህንንም ነገር እንግሊዛዊው ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. ሆርሞን ብሎ ጠራው። የሴቶችን ጠባየ ሰውነት ከሚያዝዙት ሆርሞኖች ዋነኛው ኢስትሮጅን የሚባለው ነው።

ሴት ልጅ ስትወለድ እንቁልጢ በሚባሉት በሁለቱ የእንቁላል ዕጢዎቿ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ዘሮችን ይዛ ትወለዳለች። ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ የሚሆኑት ብቻ ይቀራሉ። ከዚያም በኋላ ነገሩ አዲስ እህል እንደማይገባበት ጎተራ ነው፤ ይጐድላል እንጂ አይሞላም። ጎተራው ባዶ ወደ መሆን ሲቃረብ የእንቁላል ዕጢዎቹ ኢስትሮጅንን አንድ ጊዜ አብዝተው፣ አንድ ጊዜ አሳንሰው ይሰጣሉ። ከአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ «ሥሩ» እያለች ትእዛዟን ብታበዛም የሚታዘዛት ታጣለች። የወር አበባው አንድ ጊዜ የሚፈጥነው፣ ሌላ ጊዜ የሚዘገየው፣ አንድ ጊዜም የሚበዛው ስለዚህ ነው። ድንገተኛው ሙቀትም የሚመጣው በአንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚመጥነው ክፍል በኢስትሮጅን ማነስ ምክንያት ስለሚታወክ ነው።

አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ነው። ከዚያ በፊት ማርገዝ ስለምትችል፣ መውለድ የማትፈልግ እናት የወሊድ መከላከያዋን ሐኪም ሳታማክር ማቋረጥ አይገባትም። ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባዋ የተቋረጠባት ሴት ግን መመርመር ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የኢስትሮጅን ሥራ በማኅፀን ብቻ የተወሰነ አይደለም። የደም ሥሮች እንዲለዝቡ፣ ሰውነት ስኳርንና ስብን በአግባቡ እንዲጠቀምበት፣ አጥንትም እንዲጠነክር ይረዳል። እርሱ ሲያንስ ቀድሞ በዳሌና በጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ይዛወራል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው ስብም ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት እንዳያስገባ ያውከዋል። በደም ውስጥ ያለው ክፉው ኮሌስትሮል ይጨምራል፤ ከዕድሜም ጋር ተባብሮ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ አጥንትም በፍጥነት ይሳሳል። የስኳር በሽታ፣ የልብ ድካምና አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ መንገድ የሚያገኙት በዚህ ዓይነት ነው።

ይህ የትልልቅ ከተሞች በሽታ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነ 100 ሰዎች መካከል 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ ከእነዚህም የሚበልጡት ሕክምና የማይከታተሉ ነበሩ። የግንደወይንን ከተማ ኑሮ ብንመለከት በወፍጮ ድንጋይ ፈንታ ወፍጮ ቤት፣ በእግር መንገድ ፈንታ ባጃጅ ገብቷል። ድካም መቅለሉ መልካም ነው፤ ሰውነት ግን እንቅስቃሴውን አጥቷል። የሆዷ ዙሪያ የሰፋውን ሴት «ተመችቷታል» ብለን እናመሰግናታለን እንጂ የደም ግፊቷ ስንት እንደ ሆነ አንጠይቃትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ ከ40 ዓመት ያለፈች እናት ሕመም ባይሰማትም እንኳ በአቅራቢያዋ ባለው ጤና ጣቢያ የደም ግፊቷንና የደም ስኳሯን ታስለካ። የደም ግፊት ሳይጮኽ የሚገድል በሽታ ነውና። በቀበሌው የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ወዴት መሄድ እንደሚገባ ትመራታለች።

ሁለተኛ፣ ምግብን መመጠን ነው። ጤፋችን፣ ሽምብራችን፣ ምስራችንና ጐመናችን የሚናቁ አይደሉም። መቀነስ ያለበት በወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት፣ በተለይም ሲቀዘቅዝ የሚረጋው፣ እንዲሁም ጨው፣ በቡና ላይ የሚጨመረው ስኳርና አረቄ ነው። በጦም ወራት ወተትና ዐይብ ስለማይበላ፣ አጥንት የሚፈልገውን ካልሲየም ከጐመን፣ ከሰሊጥና ከጤፍ ማግኘት ይቻላል፤ በፍስክ ጊዜ ወተት ይጨመርበታል። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት ግን ከመጦሟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ መድኃኒት ወስዳ ሳትመገብ ብትውል ስኳሯ በድንገት ወርዶ ለሕይወቷ ያሰጋታልና።

ሦስተኛ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ገበያ በእግር መሄድ ይህን ሊያሟላ ይችላል።

ድንገተኛው ሙቀት እጅግ ለሚያስቸግራት ሴት በሐኪም የሚታዘዝ የሆርሞን መድኃኒት አለ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የተደረገ ትልቅ ጥናት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት በአንድነት መውሰድ ለጡት ካንሰርና ለደም መርጋት እንደሚያሰጋ በማሳየቱ ብዙዎች መድኃኒቱን ፈርተው ተዉት። በኋላ ግን ነገሩ ሲጣራ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በታች ለሆነና ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኞች ሴቶች ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ታውቋል። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ለደረሰባት ግን አይታዘዝም። ስለዚህ ማንም ሰው በጎረቤት ምክር ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ሊወስደው አይገባም።

በመጨረሻ ከሁሉ አጥብቀን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። አንዲት ሴት የወር አበባዋ ከቆመ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ጥቂትም ቢሆን ደም ብታይ፣ «ልማዴ ተመለሰ» ብላ መቀመጥ የለባትም። የማኅፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትውል ሳታድር ትመርመር። በጊዜ የተደረሰበት ካንሰር ብዙ ጊዜ ይድናል፤ የቆየው ግን መድኃኒቱ አስቸጋሪ ነው።

ባሎች ሆይ! ሚስታችሁ እንቅልፍ ስታጣና ስትቈጣ፣ ጠባይዋ ከፋ ብላችሁ አትፍረዱባት፤ ይልቁንም ወደ ጤና ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ። እናቶችም ይህን ዘመን በኀፍረት አትሸፍኑት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለው፣ ዝምታው ከሚያመጣው ጉዳት መጠየቁ ይሻላል። ሴት ልጅ ካረጠች በኋላ ገና ብዙ ዓመት የምትኖርና ቤቷን በምክር የምታቆም ናትና፣ ያ ዘመን የጤና ዘመን እንዲሆንላት ዝግጅቱ ከዛሬ ይጀመር።