ወላጆቻችን ዝም ያሉት ግድ ስለሌላቸው ነው?

በኛ ዕድሜ ካሉ ልጆች ብዙ ጊዜ የምሰማው አባባል አለ፦ «ወላጆቻችን ስለ ትምህርታችን ግድ አልነበራቸውም»። ኤም ሃሞሻቮት በምትባለው ከተማችን፣ በፔታ ቲክቫ፣ የሆነውን ያስታወሰ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ትምህርት ሲከፈት፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች አንቀበልም በማለታቸው ወደ 100 የሚጠጉ የማኅበረሰባችን ልጆች ቦታ አጡ። ወላጆች ሰልፍ ወጡ። በ2011 ደግሞ የኔር ዔፂዮን ተማሪዎች ሁሉም ማለት ይቻላል የኛ ልጆች ስለነበሩ «ለብቻቸው ተለይተው አይማሩም» ብለው እንደገና ወጡ።

ታዲያ እነዚሁ ሰዎች ዮም ሆሪም ላይ ለምን «እሺ፣ ቶዳ» ብቻ ብለው ይነሳሉ? እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ አደራ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ያደገ ወላጅ ልጁን ለመምህር የሚሰጠው በአደራ ነው። አደራ የተቀበለን ሰው በየጊዜው መጠየቅ አለማመን ይመስላል፤ ነውር ነው። እዚህ አገር ትምህርት ቤቱ የሚጠብቀው ግን የሚጠይቅና የሚከራከር ወላጅ ነው። ስለዚህ መምህሯ ዝምታውን አይታ «ግድ የላቸውም» ትላለች፤ እናት ደግሞ መምህሯን አክብራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በዚያ ላይ የሚያስተረጉመው ራሱ ተማሪው ነው። ስለ ራሱ መጥፎ ወሬ አሳምሮ የሚተረጉም ልጅ ደግሞ የት ይገኛል!

ጉዳቱ በደንብ የሚታየው በሒሳብ ሃክባጻ ነው። ገና በሃቲባ ዝቅተኛው ቡድን የገባ ልጅ ብዙ ጊዜ በባግሩት 3 ይሂዶት ላይ ይቀራል። 5 ይሂዶት የጨረሰው ዩኒቨርሲቲ ሲመዘገብ ተጨማሪ ነጥብ አለው፤ ምህንድስና ወይም ኮምፒዩተር ለሚፈልግ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ወላጅ «ልጄን ከፍ አድርጉልኝ» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስልክ ይደውላል። የኛ እናት «መምህሯ ታውቃለች» ትላለች።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳት «አደራ የሰጠስ ሰው ዕቃዬ እንዴት ነው ብሎ አይጠይቅም እንዴ?» አለችኝና ለታናሽ ወንድሜ ቀጠሮ አስያዘችኝ።

ታናሽ ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ዮም ሆሪም ከወላጆቻችሁ ጋር እናንተ ሂዱ፤ ትርጉሙን ለተማሪው አትተዉት። በየትኛው ሃክባጻ ነው? በየትኛው ፈተና ተመደበ? ከፍ ለማለት ስንት ማምጣት አለበት፣ እስከ መቼ? መልሱንም እዚያው በጽሑፍ ጠይቁ።