የባሌት ጨፋሪ እግር ከየት ይዞራል?

ሰው ሁሉ ይጨፍራል። አብዝቶ የሚሠራው የአካል ክፍል ግን እንደ ጭፈራው ይለያያል። እስክስታ ስንወርድ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ትከሻችን ነው። ባሌት በሚባለው ጭፈራ ደግሞ ዋናው ሠራተኛ እግር ነው። ዛሬ የባሌት ጨፋሪዎች እግራቸውን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚያሠለጥኑ እንማራለን።

ባሌት ምንድን ነው?

ባሌት የተጀመረው በጣሊያን መሳፍንት ግቢ ነው። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ራሱ ጨፋሪ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1661 የጭፈራ አካዳሚ አቋቋመ። በ1738 ደግሞ በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ የባሌት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዛሬ ባሌት በብዙ አገሮች ይታያል።

የባሌት ጨፋሪ ሲቆም የእግሩ ጣቶች ወደ ፊት አያዩም። ተረከዝና ተረከዝ ይገጥማሉ። ጣቶቹ ግን አንደኛው እግር ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ያያሉ። የሚፈለገው ሁለቱ እግሮች አንድ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሠሩ ነው።

ለምን እንዲህ ይቆማሉ? ለማማር ብቻ አይደለም። አግሪፒና ቫጋኖቫ የተባለች የታወቀች ሩሲያዊት አስተማሪ በ1934 ባወጣችው መጽሐፍ ምክንያቱን አስረድታለች። ጣቶች ወደ ፊት እያዩ እግር ወደ ጎን ከፍ ሲል፣ የጭን አጥንት ከዳሌ አጥንት ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ጭኑ ወደ ውጭ ከዞረ ግን አጥንቱ ገለል ይላል። ያን ጊዜ እግር ከፍ ብሎ መነሣት ይችላል።

መጋጠሚያው እንዴት ይሠራል?

ከብት ሲበለት ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። ይህ ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንደሚዞር፣ ጭንም በዳሌ ውስጥ ይዞራል። ጉልበት ግን እንደ ሰንጢ ነው። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል እንጂ መጠማዘዝ ሥራው አይደለም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። እግር መዞር ያለበት ከዳሌ ነው። ከጉልበት ወይም ከቁርጭምጭሚት አይደለም።

ዳሌ ምን ያህል ይዞራል? የዚህን ገጽ አንዱን ማዕዘን ተመልከቱ። ያ 90 ዲግሪ ነው። የብዙ ሰው ዳሌ እያንዳንዱን እግር ወደ ውጭ የሚያዞረው የዚያን ግማሽ፣ ማለትም 45 ዲግሪ ያህል ነው። ቀጥ ያለ መስመር ለመሥራት ግን ለእያንዳንዱ እግር 90 ዲግሪ ያስፈልጋል። ከጥቂት ሰዎች በቀር የማንም ዳሌ ብቻውን ይህን አይሞላም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከአፈጣጠር ነው። የአንዱ ሰው የዳሌ ጉድጓድ ጥልቅ ነው፤ የሌላው አይደለም። የጉድጓዱ አቅጣጫም ከሰው ሰው ይለያያል። ዕድገቱን የጨረሰ ሰው የአጥንቱን ቅርጽ በልምምድ ሊለውጠው አይችልም።

በግድ ማዞር ምን ያመጣል?

አንዲት ተማሪ እናስብ። ዳሌዋ የሚዞረው በመጠኑ ነው። ነገር ግን ከጓደኞቿ ማነስ አትፈልግም። ስለዚህ ጉልበቷን አጥፋ፣ እግሮቿን እንደምንም በአንድ መስመር ታቆማለች። ቀጥላ ጉልበቷን ትዘረጋለች። ወለሉ ግን እግሯን ይዞ አይለቅም። ጭኗ ወደ ፊት፣ እግሯ ወደ ጎን ሲሆኑ፣ ጉልበቷ መሀል ላይ እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዘዛል። የእግሯ የውስጥ በኩል ወደ ወለሉ ይወድቃል። ወገቧም ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም። ቀስ እያለ በጉልበቷ ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት ሊቀደድ ይችላል። ጅማቷ ይላላል። ቁርጭምጭሚቷና ወገቧ ይታመማሉ። ለገበሬ በሬው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ለጨፋሪም እግሯ እንደዚያው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1ኛ. ልክን ማወቅ። ተማሪዋ በሆዷ ትተኛለች። አንድ ጉልበቷን አጥፋ የእግሯን መዳፍ ወደ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ እግሯ ቀስ ብሎ ወደ ሌላው እግር በኩል ያዘነብላል። ዳሌዋ ከወለሉ ሳይነሣ እግሯ የደረሰበት ቦታ የዳሌዋ ልክ ነው።

2ኛ. ሰውነትን ማሟሟቅ። ያልሞቀ ጡንቻ አይሳብም። በመጀመሪያ መራመድና ቀላል እንቅስቃሴ ማድረግ ያስፈልጋል።

3ኛ. ጡንቻን ማጠንከር። ከመቀመጫችን ትልቅ ጡንቻ ሥር ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞሩ ስድስት ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ። እነዚህ ከደከሙ፣ ዳሌዋ የሚፈቅደውን ያህል እንኳ ማዞር አትችልም። መሻሻል የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ተማሪዋ በጎኗ ተኝታ ሁለቱን ጉልበቶቿን ታጥፋለች። ተረከዞቿን አጋጥማ የላይኛውን ጉልበት ቀስ ብላ ታነሣለች፤ ቀስ ብላም ትመልሳለች። ዳሌዋ ወደ ኋላ መንከባለል የለበትም። በሁለቱም ጎን ትሠራለች።

4ኛ. ጉልበትን መጠበቅ። ጨፋሪዋ ቆማ ጉልበቷን ስታጥፍ፣ ጉልበቷ ከአውራ ጣት ቀጥሎ ባለው ጣት አቅጣጫ መሄድ አለበት። ጉልበቷ ወደ ውስጥ ከቀረ፣ እግሯን ከልክ በላይ አዙራለች ማለት ነው። ወዲያው መቀነስ አለባት።

5ኛ. ሕመምን መስማት። አንዳንዶች ልጅን በሆዷ አስተኝተው፣ እግሮቿን እንደ እንቁራሪት ከፍተው፣ ከላይ ይጫኗታል። ይህ አደገኛ ነው። ብሽሽት ወይም ጉልበት ሲወጋ ልምምዱን ማቆምና ሐኪም ማማከር ይገባል።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጡንቻ የሚጠነክረው በሳምንታትና በወራት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ ነው። ጥሩ አስተማሪም ሁሉንም ተማሪ በአንድ መስመር አይለካም። እያንዳንዷ ዳሌዋ በሰጣት ልክ ቆማ ጠንክራ ብትሠራ፣ በግድ ካዞረችው ይልቅ ጭፈራዋ ያምራል፤ ዕድሜዋንም ሙሉ በደህና ትሄዳለች።

ይህ ትምህርት ለእኛም ይጠቅማል። ከባድ ጆንያ ተሸክመን መዞር ስንፈልግ፣ እግራችንን ተክለን ጉልበታችንን አንጠምዝዝ። እግራችንን አንሥተን፣ እየረገጥን እንዙር። ጉልበት ለመታጠፍ እንጂ ለመጠምዘዝ አልተፈጠረም።

ጥያቄዎች

1. የባሌት ጨፋሪ እግር መዞር ያለበት ከየትኛው መጋጠሚያ ነው?
2. ጉልበት ከዳሌ በምን ይለያል?
3. በልምምድ የሚለወጠው ምንድን ነው? የማይለወጠውስ?
4. ሸክም ተሸክመን እንዴት መዞር አለብን? ተወያዩበት።