ጠመንጃና ዳኛ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲት ላይ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከአንበሳሜ ይደርሳል። በስተ ሰሜን የጉማራ ወንዝ፥ ከጉማራም ማዶ በሩዙና በከብቱ የታወቀው የፎገራ ሜዳ ይገኛል። በዚህ አገር አንድ ጎጆ ሙሉ ቤት ነው የሚባለው ከበረቱ ጥንድ በሬ፥ ከምሰሶው ላይ ደግሞ ጠመንጃ ሲገኝ ነው። በሬው ያርሳል፤ ጠመንጃውስ ምን ይሠራል? የዛሬው ጽሑፋችን የሚመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ጠመንጃ ይሰብሰብ ወይስ አይሰብሰብ እየተባለ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ፍሬ የሚያጣው፥ ተከራካሪዎቹ ይህን ሳይጠይቁ ስለሚጀምሩ ይመስለናል።

ጠመንጃ ለጣና ዙሪያ አገር የትናንት እንግዳ አይደለም። በየካቲት ወር 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የወደቀው በጥይት ተመትቶ ነበር፤ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋራ የተሰለፉት ፖርቱጋሎች ነፍጥ የያዙ ነበሩና። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። በስሙ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ወደ መቅደላ የተጎተተው ከዚሁ ከጋፋት ነው። ከዚያም ወዲህ ሰናድር፥ ውጅግራ፥ አልቢን፥ ምንሽር እየተባሉ የመጡት ጠመንጃዎች ስማቸው ለአያቶቻችን እንደ ልጆቻቸው ስም የታወቀ ነበረ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድልም ያለ እነዚህ የሚታሰብ አልነበረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ መራራ ነገር አለ፤ እርሱን ያላስተዋለ ሰው የዛሬውን ክርክር በደንብ አይረዳውም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ታላላቆቹ መንግሥታት በብራስልስ ተሰብስበው ወደ አፍሪካ ብዙ ክፍል ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ተዋዋሉ። ሰበቡ የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነበረ፤ ነገር ግን ያንኑ ጊዜ እነርሱ አፍሪካን በጠመንጃ ይካፈሉ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በግልጥ ስትሰናዳ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ኢጣልያ የራሷ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስለነበራት ክልከላው የጎዳው ፋብሪካ ያልነበራትን ኢትዮጵያን ብቻ ነው። ስለዚህ የጠመንጃ ቍጥጥር የሚለው ቃል በአገራችን ሰው ጆሮ ሲገባ፥ ብርቱው የራሱን ይዞ ደካማውን አስረክብ የሚልበት ነገር መስሎ ቢሰማ የሚያስደንቅ አይደለም።

በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን የመንግሥት መሣሪያ በየገበያውና በየመንደሩ ፈሰሰ፤ የምንሽርን ቦታ ክላሽ ያዘ። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በምንሽር አንድ ጊዜ ተኩሶ ቀለህ አውጥቶ ዳግመኛ እስኪያቀባብል ድረስ የተናደደው ሰው ልብ ሊመለስ፥ ገላጋይም ሊደርስ ይችል ነበር። ክላሽ ግን 30 ጥይት የሚይዝ ካዝናውን በጥቂት ሰኮንድ ይጨርሳል። የአንድ ሰው ቍጣ የአንድ ሰው ሞት መሆኑ ቀርቶ የብዙዎች ሞት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጠመንጃው በገበሬው ቤት ምን ይሠራል? አንደኛ፥ ዘብ ነው። ሌሊት ከብት ሲነዳ ፖሊስ ካለበት ከተማ እስኪደርስ ድረስ ሌባው ወንዝ ይሻገራል። ሁለተኛ፥ የድንበር ምልክት ነው። የጎረቤት ማረሻ ድንበር ሲገፋ፥ ጠመንጃ ያለው ሰው ድንበር በቀላሉ አይገፋም። ሦስተኛ፥ ዳኛ ነው። በፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲንከባለል፥ ምስክር ሲፈራ፥ ባለ ጉዳዩ ወደ ምሰሶው ቀና ብሎ ያያል። አራተኛ፥ ክብር ነው። በሠርግና በለቅሶ ይተኰሳል፤ ወደ ሰማይ የተተኰሰው ጥይት ተመልሶ ወደ ምድር እንደሚወርድ ግን በጭብጨባው መካከል የሚያስብ የለም።

በሬ ተሸጦ የሚገዛው ይህ ዘበኛ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። በድንበር ጠብ አንድ ሰው ይገደላል፤ ገዳዩ ይሸፍታል። የሟች ወንድም ደመኛውን ቢያጣ ከገዳዩ ዘመድ አንዱን ይጠብቃል። የሁለት ቤት ልጆች ትምህርት ይተዋሉ፤ ማሳው ጦም ያድራል፤ ባል የሌላት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ ትሰደዳለች። ጠመንጃው ሀብት ሊጠብቅ ተገዝቶ ሀብቱን ሁሉ በላ ማለት ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፥ ደም የተቃባ መንደር ሰላም ነኝ ቢልም ሰላሙ እስከሚቀጥለው ገበያ ቀን ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንዱ ወገን፥ ጠመንጃ በሰው እጅ እስካለ ድረስ ደም መፍሰሱ አይቆምም፤ መንግሥት በአዋጅ ይሰብስበው ይላል። ሁለተኛው ወገን፥ ጠመንጃዬን ባስረክብ ማን ይጠብቀኛል? እኔ አስረክቤ የወንዝ ማዶው ሰው ባያስረክብስ? ብሎ ይመልሳል። ለኛ እንደሚመስለን የፊተኛው ስለ በሽታው እውነቱን ተናግሯል፤ የኋለኛው ደግሞ ስለ መድኃኒቱ ሊመለስለት የሚገባ ጥያቄ ጠይቋል። የኋለኛውን ኋላ ቀር ነህ ብሎ መገሠጽ መልስ አይሆንም።

ከዚህም ሌላ ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ግንቦት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተማ አንድ የፌዴራል ፖሊስ ባልደረባ ተኩስ ከፍቶ 12 ሰዎች ገደለ፤ ራሱም ወደ ዓባይ ወንዝ ገብቶ ሞተ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኰንንና ሁለት ባልደረቦቻቸው፥ በአዲስ አበባም ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኰንን በጥይት ተገደሉ። በነዚህ አደጋዎች የተኰሱት እጆች መሣሪያ የያዙት ከገበሬ ምሰሶ ላይ አውርደው አይደለም። ቍጥጥር የሚባለው ነገር የመንግሥትን ግምጃ ቤትና መሣሪያ የሚሰጠውን ሰው ጠባይና ጤና የማይመረምር ከሆነ፥ የቤቱን መስኮት ዘግቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ይቈጠራል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በጦር መሣሪያ መነገድን ይቀጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ደግሞ ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ እንዳይዝ፥ እንዳይነግድ፥ እንዳያዘዋውር ከልክሎ፥ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነበት አገር ያለውንም ሰው አሳስቦ የምዝገባና የፈቃድ መንገድ አብጅቷል። አዋጁ ግን ሥር ሳይሰድ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደቡብ ጎንደር ሲገባ የደብረ ታቦር ከተማም በከባድ መሣሪያ ተመታች። ያን ጊዜ ጠመንጃ ያለው ዝመት ተብሎ ተጠራ፤ በምዝገባ ሊወርድ የታሰበው ጠመንጃ ምስጋና ተችሮት ወጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ውል ተፈረመ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን ግን በአማራ ክልል ተቃውሞ ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ መታወጅና እስከ መዋጋት ተደረሰ። በዚህ ውጊያ የማንን ጥፋት ከማን እንደሚበልጥ ለመመዘን አልተነሣንም። የምናመለክተው አንዱን ትምህርት ነው፤ ሰው ነገ ማን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ዛሬ ጠመንጃውን አያወርድም።

ሌላው ዓለምስ ምን አደረገ? በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 በአውስትራሊያ ፖርት አርተር በተባለ ስፍራ አንድ ሰው 35 ሰዎች ገደለ። ከ12 ቀን በኋላ የአገሩ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ በአንድ ሕግ ተስማሙ፤ መንግሥትም ዋጋውን ከፍሎ 650,000 ያህል ጠመንጃ ሰበሰበ፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው እልቂት በእጅጉ ቀነሰ። በአሜሪካ ግን መሣሪያ መያዝ ከ1791 ጀምሮ በሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ የተጻፈ መብት በመሆኑ፥ በ2012 በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ሠራተኞች ከተገደሉ በኋላም ክርክሩ አላለቀም። በ2021 በዚያ አገር በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን የገደሉ ናቸው። ጠመንጃ ከጠላት ይልቅ ብዙ ጊዜ የባለቤቱን ቤት እንደሚጎዳ ይህ ቍጥር ያስረዳል።

ለኛ ይበልጥ የሚቀርበን የማሊ ታሪክ ነው። በዚያ አገር መንደሮችና ታጣቂዎች አስቀድመው ተነጋግረው ታረቁ፤ ከዚያ በኋላ በመጋቢት 1988 ዓ.ም. በቲምቡክቱ ከተማ 3,000 ያህል ጠመንጃ ተከምሮ ተቃጠለ። እሳቱ ዕርቁን ተከተለው እንጂ አልቀደመውም። ሆኖም ሊቢያ ፈርሳ መሣሪያዋ ድንበር ሲሻገር በ2004 ዓ.ም. ማሊ እንደገና ጦርነት ውስጥ ገባች። የወንዝ ማዶው ሰውስ? ያለው ገበሬ እንግዲህ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ኢትዮጵያና የአካባቢው አገሮች በ1996 ዓ.ም. በናይሮቢ የቀላል መሣሪያ ቍጥጥር ውል የተፈራረሙት ይህንኑ በማሰብ ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመር? በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀምሯል። ጎረቤቶች በተገኙበት ማሳው ተለክቶ በመዝገብ ሲጻፍ፥ ጠመንጃው ይሠራቸው ከነበሩት አራት ሥራዎች አንዱን፥ ማለት የድንበር ጠባቂነቱን፥ አንዲት ቀጭን ደብተር ልትወስድበት ትችላለች። መዝገቡ በእውነት ከተጻፈና በጉቦ ካልተፋቀ ነው ታዲያ። ዳኝነቱንም እንዲሁ ሊወስዱበት የሚችሉ አሉ። ደም የሚያደርቁ ሽማግሎች ከካህናት ጋራ ሆነው ገዳይን ድንጋይ አሸክመው ከሟች ቤተ ሰብ ፊት ሲያቀርቡ፥ ካሳ ሲያስቈርጡና በመሐላ ሲያስሩ ስንት ጥይት ከቀለሁ ሳይወጣ እንደቀረ ማን ቈጥሮታል? ፍርድ ቤቱ ወንጀለኛውን ይቅጣ፤ ሽማግሎቹም ቂሙን ይንቀሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ሥራውን አይጨርስም። የሌሊት ዘብነቱን ደግሞ በቶሎ የሚደርስ ፖሊስ፥ የክብር ተኩሱን መንደሩ ራሱ በዕድሩ የሚቈርጠው ደንብ ሊተካው ይችላል።

ነገ በደራ ወይም በፎገራ በአንድ ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ወጣት ሆይ፥ ይህ ሁሉ ከአንተ ይጀምራል። የቀጠርከውን ባለ ጉዳይ በቀጠሮው ቀን ብታነጋግር፥ መዝገብህን ብታጠራ፥ ለከብት ፍለጋ የመጣውን ገበሬ ነገ ና ሳትል ብትነሣለት፥ አንተ ሳታውቀው ከአንድ ምሰሶ ላይ አንድ ጠመንጃ ሊወርድ ይጀምራል። ነገ ና ባልከው ቍጥር ደግሞ አንድ በሬ ወደ ጠመንጃ ገበያ ይነዳል። አዋጁን የሚያወጣው ምክር ቤት ነው፤ ገበሬው አዋጁን የሚያምነው ግን በአንተ በር ገብቶ በሚወጣበት ጊዜ ባገኘው ፍርድ መጠን ነው።